የተሸረፈው ሲኒ

ሲኒውን መለስኩት።

«ይኼ ተሸርፏል፤ ሌላ ስጪኝ» አልኳት ቡና ለምታፈላው ለእኅቴ ልጅ። ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው፤ አፉን ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ጋሼ፣ ምንም አልሆነም እኮ» አለችና ለደንቡ ያህል ቀየረችልኝ። ሁለተኛውም ተሸርፎ ነበር። ሦስተኛውን አንሥቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሲኒዎቹ ሁሉ ደኅና ነበሩ፤ የተሸረፍኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኒ ከአፋችን ሲደርስ ክብነቱን የሚነግረን ከንፈራችን ነው። የእኔ የታችኛው ከንፈር ግን እስከ መካከሉ ድረስ ብቻ ያውቃል። ከመካከሉ ወደ ግራ ሲኒው ያልቃል፤ ተቆርሶ የወደቀ ያህል ባዶ ይሆናል። ቡናው በዚያ በኩል ቢፈስ የማውቀው ሸሚዜ ሲርስ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ጥርስ ነው። ሰው ስንት ነገር በሚያጣበት ዘመን ስለ ጥርስ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። ደግሞም ከዚያ ጥርስ ጋር አብሮ የተነቀለ ሌላ ነገር አለ። እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

* * *

ጥርሴ የተነቀለው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት 18 ቀን ነው። በታችኛው ረድፍ በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው መንጋጋ ነበር፤ ዘግይቶ የሚበቅለው፣ ቦታ አጥቶ አግድም የሚተኛው። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር። ወንበሩ ላይ ተጋድሜ «በሙያህ ጥርስህን ነቅለሃል?» ብዬ ቀለድኩበት፤ ሳቀ። ሥሩ ጠማማ ሆኖ አርባ ደቂቃ ያህል አለፋው። በመጨረሻም በጋዝ ጠቅልሎ አሳየኝና «ማደንዘዣው ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ይለቅዎታል» አለኝ።

እነሆ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ገና አለቀቀኝም።

ልጅ ሳለሁ የወተት ጥርሴ ሲወልቅ እናቴ ከቤት አውጥታ ጣሪያ ላይ አስወርውራኝ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ሲል የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ይኼኛውን ግን የት እንደጣሉት አላውቅም። እየዋለ እያደር ግን አንድ ነገር ዐወቅሁ፤ ጥርሱ ቢሄድም ሕመሙ ቦታውን አልለቀቀም።

የሆነውን ለመረዳት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከአንጎላችን በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። አምስተኛው የፊታችን ስሜት ጠባቂ ነው። በሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ግንባርና ወደ ዐይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና ወደ ላይኛው መንጋጋ፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። የሦስተኛው አንድ ቅርንጫፍ አጥንቱ ውስጥ በተቦረቦረ ቀጭን ቦይ እያለፈ ለየጥርሱ ድርሻውን ያድላል፤ ከዚያም ከአገጭ አጠገብ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት ይሰጣል። የመጨረሻው መንጋጋ ሥር በአንዳንድ ሰው ላይ ቁልቁል ወርዶ ይህን ቦይ ይጎራበታል። ጎረቤት ሲነቀል ጎረቤት ይናጋል።

ይህ ነርቭ ስሜትን ብቻ ነው የሚያመላልሰው፤ ከንፈርን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነርቭ፣ ሰባተኛው ነው። ስለዚህ ከንፈሬ ይስቃል፣ ይናገራል፣ ያፏጫል፤ የሠራውን ግን ለእኔ አይነግረኝም። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፣ ልብ እያዘነ እሱ ስለሚስቅ። የእኔ ከንፈር ከጥርስም የባሰ ባዳ ሆነ።

የተጎዳ ነርቭ መልሶ ማደግ ከቻለ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ይህን ያነበብኩ ዕለት ማስመሪያ አምጥቼ ከጥርሴ ጉድጓድ እስከ ከንፈሬ ጫፍ ለካሁ። 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። 70 ቀን ማለት ነው። ቀን መቁጠሪያው ላይ ቆጠርኩና ሐምሌ 28ን በቀይ እስክሪፕቶ ከበብኩ። እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቅሁ።

እንግዳው ቀኑን አላከበረም። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጉንዳን የሚሄድበት ዓይነት ስሜት ሲጀምረኝ «መጣ!» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉንዳኑ ግን እየዋለ ወደ እሳት ተለወጠ። ሐምሌ 28 ሲደርስ ከንፈሬ አሁንም ደንዝዟል፤ የደነዘዘው ከንፈር ደግሞ ይነድዳል። እንዴት የማይሰማ ነገር ያማል? ስትነኩት የለም፤ ስትተዉት ይቃጠላል። ይባስ ብሎ የሌለው ጥርሴ ያመኛል። ምላሴን ልኬ ጉድጓዱን እፈትሻለሁ፤ ድዱ ገጥሟል፤ ጥርሱ ግን ከዚያ ባዶ ቦታ ይጠዘጥዘኛል።

ብቻዬን አልነበርኩም። አምብሯዝ ፓሬ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እጅ እግራቸው የተቆረጠ ወታደሮች የተቆረጠው አካላቸው እንደሚያማቸው የጻፈው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሳይላስ ዊር ሚቼል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 ያን የሌለ አካል «መንፈስ» ከሚል ቃል ጋር አጣምሮ ስም አወጣለት። የተጎዳ ነርቭ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጮኻል፤ አንጎልም ጩኸቱን ሲሰማ ከድሮው አድራሻ የመጣ ይመስለዋል። ቤቱ ፈርሶ ስልኩ ይደውላል ማለት ነው።

* * *

ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ቁስሉ በሚገባ ድኗል። አጥንቱም ንጹሕ ነው» አለኝ፤ እንኳን ደስ ያለዎት በሚል ድምፅ። «ግን ያመኛል» አልኩት። «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሰጡታል?» አለኝ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ማርክ መስጠት እንጀራዬ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን የምሰጠው ቁጥር አጣሁ። «ሰባት» አልኩት። ሰባቱን ጻፈና ፓራሲታሞል አዘዘልኝ። ለነርቭ ሕመም ፓራሲታሞል ብዙም እንደማይረዳ ያወቅሁት ኋላ ነው።

የማይታይ ሕመም ያለበት ሰው ከሕመሙ ሌላ የማስረዳት ሥራ ይጨመርበታል። ያበጠ ነገር የለም፤ የታሸገ ነገር የለም። ታክሲ ውስጥ በክረምት መስኮት ሲከፈት ነፋሱ አገጬን እንደ ምላጭ ይልጠኛል። «መስኮቱን ዝጉልኝ» ስል ወጣቶቹ ዞር ብለው ያዩኛል፤ ዕድሜዬ ገና ለዚያ ልመና አልደረሰም። ሻርፕ እጠመጥማለሁ፤ ሻርፑም ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ወዳጅ መንገድ ላይ አግኝቶ ሊስመኝ ሲጠጋ ግራ ጉንጬን አሸሻለሁ። ኮራ ተባልኩ። አንድ የቆየ ጓደኛዬ ለሰው «ምን እንዳስቀየምኩት እንጃ» ብሎ መናገሩን ሰማሁ። ሰርግ ቤት ሲያጎርሱኝ ወጡ በአገጬ ይወርዳል፤ እኔ አላውቅም፤ ሌላው ሰው ግን ያያል። ስለዚህ ሰርግ ቀረሁ።

ክፍል ውስጥ ግን መቅረት አይቻልም። ቃል ጽሕፈት ሳነብ በከንፈር የሚፈጠሩት ድምፆች፣ እነ በ፣ መ፣ ፈ እና ጰ፣ ከአፌ በትክክል ይወጡ አይውጡ እርግጠኛ አልነበርኩም። ከንፈሬ ሲገጥም አይታወቀኝምና። አንድ ቀን በንባቡ መካከል ምራቄ ሲወርድ አልተሰማኝም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ አየች፤ አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ የራሷን አገጭ በመሐረቧ ጠረገች። ምልክቷ ገባኝና ጠረግሁ። ከሐኪሞቹ ሁሉ ይልቅ ያቺ ልጅ አከመችኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

* * *

ሥራዬ ቃል ነውና በቃል መጽናናት ፈለግሁ። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጠይቅ ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚገልጡባቸውን 78 የእንግሊዝኛ ቃላት በ20 ምድብ ከፍሎ ደርድሯል። ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶታል ማለት ነው። እኔም አንድ ደብተር ገዝቼ የአማርኛውን መዝገብ ጀመርኩ።

ሀብታሞች ነን። ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ጎን ይወጋል፤ አጥንት ይቆረጥማል፤ ቁስል ይጠዘጥዛል፤ ሳማ ይለበልባል። ለየአካሉ ለየብቻው የተሰፋ ልብስ ያለ ይመስላል። የፍልጠትን ቃል ለሆድ፣ የቁርጠትን ቃል ለራስ የሚሰጥ ሰው የለም። የእኔን ከንፈር የትኛው እንደሚገጥመው ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። አንዳንድ ቀን «ይነዝረኛል» እላለሁ፤ ሽቦ የነካሁ ያህል ድንገት ይመታኛልና። አንዳንድ ቀን «ይለበልበኛል»። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም አይበቁም።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ሰዋስው ሳስተምር የኖርኩትን ነገር እንደ አዲስ አየሁት። «አመመኝ» እንላለን። የዚህ ግስ ባለቤት ማን ነው? አይታወቅም። አንድ ስሙ ያልተጠራ «እሱ» አለ፤ አድራጊው እሱ ነው። እኔ ተሳቢ ነኝ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ጨነቀኝ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ የሚደርስብን ሁሉ ባለቤቱ የተሸሸገ ነው። ሕመም ባለቤት የለውም፤ ሕመምተኛው ግን ተሳቢ ነው፤ ከመኪና ኋላ እንደሚጎተተው ተሳቢ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ይህን ጽፌ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁም አመመኝ።

* * *

አሁን ወደዚያ ወደ ተነቀለው ሌላ ነገር ልምጣ።

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ሳሎን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጋቢውን እስከ ደረቴ ብቻ ለብሻለሁ፤ ጠርዙ አገጬን ሲነካኝ አልችለውም። እናቴ ከክፍሏ ወጣች። በባዶ እግሯ ነበረች፤ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ። እንደ ልማዴ «እማዬ፣ ብርድ ይመታሻል፤ ነጠላ ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። አልመለሰችልኝም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጋቢውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ይከብድሃል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጋቢው። ሲነካህ።»

ያን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

«ሌሊት ይብሳል አይደል? ቀን ሰው ስለሚያወራ ይዘናጋል። ሌሊት ግን አንተና እሱ ብቻ ትቀራላችሁ። ደንዝዞ ደግሞ ያቃጥላል። እንደ ረመጥ፤ ከላይ አመድ ነው፤ ከታች እሳት።»

ረመጥ! ያን ሁሉ ወር ስፈልገው የኖርኩት ቃል ከእናቴ አፍ ወጣ።

«እማዬ፣ በምን ዐወቅሽ?»

«እግሬ እንዲያ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እናቴ ጉልበቷን በእጇ አሻሸች። «ነግሬህ ነበር እኮ ልጄ» አለች፤ ያለ ወቀሳ።

ነግራኝ ነበር። አስታወስኩ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። «እግሬን ያቃጥለኛል» ስትለኝ «ዕድሜ ነው እማዬ» ብያታለሁ። «ብርድ ልብሱ ይከብደኛል» ስትለኝ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ገዝቼላት የተገላገልኩ መስሎኛል። ሌሊት በባዶ እግሯ የምትመላለሰው ሲሚንቶው ስለሚያበርድላት ነበር፤ እኔ ግን በየሌሊቱ ጫማ አድርጊ እያልኩ ስቆጣት ኖሬያለሁ። ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው፦ እናቴ ስኳር አለባት፤ ለክትትል የምወስዳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲላት እሷ አፏን ሳትከፍት «ደኅና ናት» እያልኩ የመለስኩት እኔ ነበርኩ።

እኔን ያላመነኝ ሐኪም ላይ ስንት ወር ቂም ይዤ ነበር! ያን ሌሊት ቂሜን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። እሱ ቢያንስ ከዜሮ እስከ ዐሥር ብሎ ጠይቆኛል።

* * *

በሚቀጥለው ክትትል እኔ ዝም አልኩ፤ እሷ ተናገረች። ሐኪሟ ተነሥታ ጫማዋን አስወለቀቻት፤ ቀጭን የናይለን ክር አውጥታ «ዐይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎ ‹እዚህ› ይበሉ» አለቻት። ክሩ አውራ ጣቷን ነካ፤ እናቴ ዝም አለች። ትንሿን ጣት ነካ፤ ዝም። የውስጥ እግሯን ነካ፤ ዝም። ዐይኗን ጨፍና፣ ፊቷ ላይ ታዛዥ ተማሪ የሚጠብቅበት ዓይነት ትዕግሥት ይዛ፣ ክሩን ትጠብቃለች፤ ክሩ ግን ነክቷት አልፏል። «እዚህ» ያለችው ቁርጭምጭሚቷ ሲደረስ ነው። እኔ ከወንበሬ ሆኜ አየሁ። የእናቴ እግር የእኔ ሲኒ ነበር።

ሐኪሟ አስረዳችን። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል፤ ረጃጅሞቹን ያስቀድማል፤ ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምራል። የማይሰማ እግር ቢቆስል ባለቤቱ አያውቅም፤ ስለዚህ በየቀኑ መታየት አለበት፤ በባዶ እግር መሄድም ይቅር አለች። በዚያው ዕለት የእኔንም ከንፈር ጠየቀችኝ፤ ወደሚመለከተው ሐኪምም ላከችኝ። እሱ ከንፈሬን ዐይኔን አስጨፍኖ በጥጥ እየነካ ፈተነኝ፤ ያመኛል ያልኩትን ሁሉ ጻፈ።

ሁለታችንም የታዘዘልን መድኃኒት አንድ ሆኖ ተገኘ። አሚትሪፕቲሊን ይባላል። የወጣው ለድብርት ነበር፤ በአነስተኛ መጠን ግን የነርቭን ሕመም ያረግባል። ለእኔ 25 ሚሊ ግራም፣ ለእናቴ ዕድሜዋ ታይቶ 10። አፍ ያደርቃል፤ ጠዋት ራስን ያከብዳል። እሳቱን አላጠፋውም፤ ረመጡ ላይ ግን አመድ ጨምሮበታል። ማታ ከእራት በኋላ እናትና ልጅ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀባብለን እንውጣለን።

የቀረውን እኛው እንሠራዋለን። ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጥባለሁ፤ የውኃውን ሙቀት እጄ ይለካላታል፤ በጣቶቿ መካከል እያየሁ አደርቃለሁ። ከዚያ ተራዋ የእሷ ነው። የእኅቴ ልጅ ያመጣችላትን ጥጥ ይዛ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ ደኅናውን ከንፈሬን ትነካና ቀጥላ የታመመውን ትነካለች፤ እኔ መስተዋት ይዤ እመለከታለሁ። አንጎል የጠፋበትን መንገድ በዐይን እየተመራ እንዲለማመድ ነው ይባላል። ስትነካኝ ጥጡ አንዳንድ ቀን መርፌ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን ምንም። ባለፈው ጥር ግን ከከንፈሬ ጥግ አጠገብ አንድ ምስር የምታህል ቦታ ላይ ጥጥ ጥጥ ሆኖ ተሰማኝ። «እዚህ» አልኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ብያኔ ሲያሻሽል ከጨመራቸው ማስታወሻዎች አንዱ፣ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል ይላል። ሊቃውንት ተሰብስበው እዚያ መድረሳቸው መልካም ነው። እኔ ግን ወደዚያ የደረስኩት ጥርሴ ተነቅሎ ነው። አብሮት የተነቀለው ነገር ያ «ደኅና ናት» የሚለው ቃሌ ነበር፤ እሱስ ባይበቅል እመርጣለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህ ውስጥ «ነግሬህ ነበር እኮ» የሚልህ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሌሊት በባዶ እግሩ የሚመላለስ ሰው ካለ፣ ጫማ አድርግ ከማለትህ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቀው።

ቁጥር መስጠት ትተናል። ጠዋት ቡና ሲፈላ እናቴ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬ ጉንዳን ነው» እላታለሁ። «የኔ ረመጥ ነው» ትላለች፣ ወይም «ዛሬ እንኳ ትቶኛል»። ደብተሩ ውስጥ ቀኑንና ቃሉን ለሁለታችንም እጽፋለሁ። የእኅቴ ልጅ አቦሉን ቀድታ ታቀብለኛለች፤ ሲኒውን በቀኝ በኩል ወደ አፌ አስጠጋለሁ። እናቴ ከወንበሯ ታየኝና ትስቃለች።

«ተሸርፏል?»

«ተሸርፏል።»

ቡናችንን እንጠጣለን።